ሰጥተሽዋል አይደል?

ወይዘሮ ተናኜ ጥያቄ ሲጠይቁ መልሱን አብረው ያቀብላሉ። ይህ ዛሬ የመጣ ጠባይ አይደለም። ደብረ ማርቆስ ላይ ዕድሜያቸውን ሙሉ አስተምረው፣ ኋላም ምክትል ርዕሰ መምህር ሆነው በጡረታ የወጡ ሴት ናቸው፤ «የቤት ሥራችሁን ሠርታችኋል አይደል?» ብለው ክፍል ሲገቡ «አዎ ቲቸር» የማይል ተማሪ አልነበረም። የሠራውም አዎ ነው፣ ያልሠራውም አዎ ነው። ባለቤታቸውም «ወጡ ጥሟል አይደል?» እየተባሉ፣ ጥሟል እያሉ ኖረው፣ ጥሟል እንዳሉ አረፉ። ነፍሳቸውን ይማርና ብልህ ሰው ነበሩ።

እሳቸው ካረፉ በኋላ አንድ ልጃቸው አብነት እናቱን አዲስ አበባ አመጣቸው። ቤቱ ለሚ ኩራ ነው፤ ግራና ቀኙ ገና በመሠራት ላይ ያለ፣ በበጋ አቧራው በክረምት ጭቃው የማይለቅ የኮንዶሚኒየም መንደር፣ ሦስተኛ ፎቅ። አብነት የመንገድ መሐንዲስ ስለሆነ ወሩን የሚገፋው ክፍለ ሀገር ነው። ሚስቱ ሔዋን ኦሎምፒያ አንድ የኢንሹራንስ ቢሮ ውስጥ ትሠራለች። የዘጠኝ ወር ልጃቸውን ጸጋአብን ቀን ቀን የሚይዙት አያቱና ሙሉነሽ ናቸው። ሙሉነሽ ከሆሳዕና ወገን የመጣች፣ አርባን የተሻገረች፣ ዝምታ የምታበዛ የቤት ሠራተኛ ናት።

ነገሩ የጀመረው ሁዳዴ ላይ ነው። ጸጋአብ ምግብ በጀመረ ሰሞን ሔዋን ዳይፐሩን ስትፈታ ቀይ አየችና ነፍሷ ልትወጣ ደረሰች። በነጠላ ጫማ፣ ጸጉሯን እንኳ ሳታስይዝ፣ ልጁን አቅፋ ሆስፒታል በረረች። የተረኛው ሐኪም የመጀመሪያ ጥያቄ ልጁ ትናንት ምን በላ የሚል ነበር። የበላው ቀይ ስር ነው። ሐኪሙ ሳቅ አለ፣ እሷም አፍራ ተመለሰች። ወይዘሮ ተናኜ ይህን ወሬ ለፋሲካ ለመጣ እንግዳ ሁሉ አንዴ ሐኪሙን ሆነው፣ አንዴ ሔዋንን ሆነው ተረኩት፤ መጨረሻ ላይም «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ብለው ይዘጉታል። ዘመድ ሁሉ ሔዋንን «ቀይ ስር» ብሎ መጥራት ጀመረ። እሷም አብራ ሳቀች፣ በጥርሷ። ከዚያ ወዲህ ለልጁ ቀይ ስር እንዳይሰጥ ከለከለች። ደግሞም፣ ማንም ልብ አላለውም እንጂ፣ ልጁ ባሳሰባት ቁጥር «አሳስቦኛል» ማለቱንም ተወችው።

ሰኔ ገባ፣ የሐዋርያት ጾም ተያዘ። ወይዘሮ ተናኜ ቀይ ስር ደም ይሆናል ብለው ያምናሉ፤ ይህን እምነት ከእሳቸው ለመንጠቅ የሐኪም ብዛት አይበቃም። የልጁ ፊት ገረጣብኝ ሲሉ ሰነበቱና ቅዳሜ ከገበያ አንድ ፌስታል ቀይ ስር ገዝተው መጡ። ሰኞ ጠዋት ገርጂ ለቅሶ ሊደርሱ ሲወጡ ሙሉነሽን ማድ ቤት ውስጥ ጠጋ ብለው፣ ለምሳው አንዱን ቀቅላ ፈጭታ እንድታበላው፣ ለሔዋንም ትንፍሽ እንዳትል አዘዟት። ሙሉነሽ እሺ አለች። ማታ ደክሟቸው ስለገቡ ያን ዕለት አልጠየቋትም።

ማክሰኞ ጠዋት ሔዋን ቦርሳዋን አንግታ በር ላይ ከደረሰች በኋላ ተመልሳ ልጁን አየችው። ሊነጋጋ ሲል እግሩን አጥፎ ጮኾ፣ ወዲያው ተኝቶ፣ ደግሞ ጮኾ እንደነበር፣ ጡትም በደንብ እንዳልያዘላት ነገረቻቸው። ከዚያ በላይ አልተናገረችም፤ የሆነ ነገር ካለ ይደውሉልኝ ብቻ አለች። አማትየው ጥርስ እያበቀለ ነው፣ እኔ ልጅ ሳሳድግ የመጀመሪያዬ አይደለም ብለው በእጃቸው ወደ ደረጃው ሸኟት።

እሷ ከወጣች ብዙም ሳይቆይ ጸጋአብ ጮኸ። የረሃብ ለቅሶ አልነበረም፣ የእንቅልፍም አልነበረም። ጉልበቶቹን ወደ ሆዱ ሰብስቦ፣ ፊቱ ነጥቶ ይጮኻል፤ ከዚያ ድንገት ዝም ይልና ላብ እንዳጠመቀው ያንቀላፋል። ቆይቶ ደግሞ ይጀምራል። የጠባውን ሁሉ አስታወከ። ወይዘሮ ተናኜ አቅፈውት ከሳሎን መኝታ ቤት ተመላለሱ፣ ጀርባውን መታ መታ አደረጉለት፣ ሆዱን በቅባት አሹለት። ሙሉነሽ ልብሱን ልትቀይርለት አስተኝታ ዳይፐሩን ስትፈታ እጇ ቆመ።

ሰገራ የሚባል ነገር ብዙም አልነበረበትም። ያለው ቀይ፣ የሚዝለገለግ፣ ማርማላታ የመሰለ ነገር ነው።

ወይዘሮ ተናኜ ፈሩ። የአልጋውን ጠርዝ ያዙ። መጀመሪያ የመጣባቸው ፍርሃት ነበር፣ ትክክለኛውም እሱ ነበር፤ ነገር ግን ፍርሃትን አስቀምጦ የሚያስተናግድ ሰው የለም፣ ሁሉም ማባረሪያ ይፈልግለታል። የእሳቸው ማባረሪያ ማድ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ቀይ ስሩ ትዝ አላቸው፣ ፊታቸው በራ፣ ወደ ሙሉነሽ ዞሩ።

«ትናንት ቀይ ስሩን ሰጥተሽዋል አይደል?»

ሙሉነሽ ዳይፐሩን አየች፣ ቀጥላ የእሳቸውን ፊት አየች። መልሱ እዚያ ነበር።

«አዎ እትዬ» አለች።

አልሰጠችውም ነበር። ሰኞ እሳቸው ወደ ገርጂ እንደወጡ መብራት ጠፋ፣ የጋዝ ሲሊንደሩም ካለቀ ሰንብቷል። ስለዚህ ቀደም ብሎ ተቀቅሎ የነበረ ድንች ፈጭታ አበላችውና ቀይ ስሩን ለነገ አለችው። አሁን አልሰጠሁትም ብትል ያዘዝኩሽን ለምን አላደረግሽም ይመጣል፤ ከዚህ በፊት የነበረችበት ቤት ከዚህ ባነሰ ነገር ነው ያሰናበታት። ይህም ብቻ አይደለም። እትዬ የተማሩ ሰው ናቸው፣ እሳቸው ምንም አይደለም ካሉ ምንም አይደለም ብላ ራሷን አሳመነች። የሚፈርድባት ይፍረድ፤ እዚያ ቤት ውስጥ «አይ» የሚባል መልስ እንዲሰጥ ተጠይቆ አያውቅም።

ዳይፐሩ ተጠቅልሎ ከቆሻሻው ጋር ወደ ውጭ ወጣ። ልጁም ያኔ ዝም ብሎ ተኝቶ ነበርና ወይዘሮ ተናኜ አጠገቡ ተቀምጠው ትንሽ ቀለል አላቸው። ለሔዋን ብደውልላት ኖሮ ዛሬም ሩጫ ነበር፣ አሉ በሆዳቸው።

ረፋዱ ላይ ሔዋን ራሷ ደወለች። ተኝቷል አሏት። እውነት ነው፣ በዚያች ደቂቃ ተኝቶ ነበር። ሔዋን የምትጠይቀው ነገር እንዳላት ከትንፋሿ ይሰማል። ግን ሁዳዴ ላይ ትምህርቷን ወስዳለችና እሺ እማዬ ብላ ዘጋችው።

ወይዘሮ ተናኜ ስልኩን እንደያዙ ቆዩ። ልጁ እንደገና መጮህ ጀምሮ ነበር። መልሰው ሊደውሉ አሰቡ፤ ግን ምን ሊሏት ነው? የከለከልሽውን ከጀርባሽ አብልቼው ቀይ ወጣው፣ አሁን እንደ አንቺው ደንግጫለሁ? ለእንግዳ ሁሉ የተረኩት ተረት ውስጥ ራሳቸው ሊገቡ? ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነና ነገሩ፣ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፍተው ልጁን አነሱት።

ቀትር ላይ ልጁ መጮኹንም ተወው። ከሁሉ የከፋው ይህ ነበር። ሲያነሱት አንገቱ ይዘነበላል፣ ዓይኑ ተከፍቶ እሳቸውን አያይም። ያስታወከው አረንጓዴ ነው። ሁለተኛው ዳይፐር ከመጀመሪያው የባሰ ቀይ ሆኖ ተፈታ። ሆዱን ሲዳብሱት በቀኝ በኩል እንደ ድንች የጠጠረ ነገር እጃቸው ላይ መጣ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ ወይዘሮ ተናኜ አሁንም ቀይ ስራቸውን አልለቀቁም። ሙሉነሽ አብዝታ ሰጥታው ሆዱ ውስጥ ተጋግሮ ነው ብለው፣ ምን ያህል እንደጎደለ ሊያዩና ሊቆጧት ወደ ማድ ቤት ሄዱ።

ፌስታሉ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ነበር። ወይዘሮ ተናኜ ፌስታል ሲቋጥሩ ሁለት ጊዜ አጥብቀው ጫፎቹን ወደ ውስጥ ይሸጉጣሉ። ሙሉነሽ ይህን ቋጠሮ መፍታት አቅቷት ሁልጊዜ ከጎኑ ትቀደዋለች፤ በዚህም ስንት ጊዜ ተቆጥተዋታል። ፌስታሉ አልተቀደደም። ቋጠሮው ቅዳሜ እንዳሰሩት ነው፣ ጫፎቹም እንደተሸጎጡ ናቸው።

ሙሉነሽ ልጁን አቅፋ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«አልሰጠሽውም» አሏት።

«አልሰጠሁትም እትዬ። መብራት አልነበረም። ድንች ነው ያበላሁት።»

«ታዲያ ለምን አዎ አልሽኝ?»

የሙሉነሽ ዓይን እንባ ሞልቷል።

«እርስዎ ነዎት ያሉት» አለች።

ወይዘሮ ተናኜ ልጁን ነጥቀው በፎጣ ጠቀለሉት። ቀዩን ዳይፐር በሌላ ፌስታል ከተቱና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቋጥሩት፣ ደረጃውን ወረዱ። ሙሉነሽ ነጠላቸውን ይዛ ተከተለቻቸው።

ምድር ቤት ሱቅ ያለው አብዱልሰላም ለአንዲት ሴት ስኳር እየመዘነ ነበር። ወይዘሮ ተናኜ «ማዘር» ሲላቸው ይቆጡታል፤ እሱም ሆን ብሎ ይላቸዋል። ዛሬ ግን ማንም ሳይነግረው የልጁን ፊት አየና ስኳሩን ሚዛኑ ላይ ትቶ የሱቁን መዝጊያ ጎትቶ የቪትዝ መኪናውን ቁልፍ አነሳ። ወዴት ነው ማዘር አለ፣ እሳቸውም አልተቆጡትም። ከኢምፔሪያል አለፍ ብሎ ካለው የሕፃናት ሆስፒታል ውሰደኝ አሉት።

መኪናው ውስጥ ለሔዋን ደወሉ። ልጁ ደም ወጣው፣ ወደ ሆስፒታል ይዘነው እየሄድን ነው አሏት። ሔዋን አልጮኸችም። ከመቼ ጀምሮ ነው የሚል አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች።

«አሁን ነው» አሉ ወይዘሮ ተናኜ። «አሁን ገና ነው ያየነው።»

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ቃሉ ከወጣ በኋላ ሙሉነሽን በመስታወቱ አዩአት፤ እሷ ወደ ውጭ ትመለከት ነበር።

ገርጂን እንዳለፉ መኪናው ሁሉ ቆመ። እንግዳ ሊያልፍ ነው ተብሎ መንገዱ ተዘግቷል። ሚኒባሶቹ ሞተር አጥፍተዋል፣ ረዳቶቹ ወርደው ተሰብስበው ያወራሉ፣ ሰማዩ ደግሞ ሊዘንብ ጠቁሯል። አብዱልሰላም ጥሩምባውን ነፋ፤ ከኋላው ያሉት ሁሉ ነፉ፣ ማንም አልተንቀሳቀሰም። ወይዘሮ ተናኜ ልጁን ሲያዩት የከንፈሩ ጠርዝ ነጭ ሆኗል። እግዜር ያሳያችሁ፣ ይቺን ታህል ትንፋሽ ለመስማት ጆሮአቸውን አፉ ላይ አስጠግተው ነበር።

ልጁን ለሙሉነሽ ሰጥተው ወረዱና ወደ ትራፊክ ፖሊሱ በመኪኖቹ መሐል ሄዱ። ፖሊሱ ገና ሲያያቸው አይቻልም እናቴ አለ። የታመመ ልጅ አለ አሉት። ሁሉም የታመመ አለኝ ነው የሚለው፣ ትንሽ ይታገሡ አላቸው። ያኔ ፌስታሉን ከፍተው አፍንጫው ሥር አቀረቡለት። ሰውየው ወደ ውስጥ አየ፣ ፊቱን መለሰ፣ ደግሞ አየ። ከዚያ ምንም ሳይናገር የመንገድ መዝጊያውን ብረት በእግሩ ገፋ አደረገና ቪትዟን በጠርዝ በኩል በእጁ ጠራት።

ሆስፒታሉ በር ላይ ሔዋን ቀድማ ደርሳ ነበር። ልጁን ከሙሉነሽ እጅ ተቀብላ ሮጠች፣ እነሱም ተከተሏት።

ዶክተር ዮሃና የምትባለው ሐኪም ቀጭን፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ሴት ናት። የልጁን ሆድ በጣቶቿ ጫን ጫን አደረገች፣ ዳይፐሩን አይታ ምንም አላለችም፣ ግሉኮስ እንዲሰቀልለት አዘዘች፣ አልትራሳውንዱን እሷው ራሷ ያዘችው። ስትጨርስ ወደ ቤተሰቡ ዞረች። የልጁ አንጀት ወደ ራሱ ውስጥ ገብቷል አለች፤ የሹራብ እጅጌ ስታወልቁ ወደ ውስጥ እንደሚታጠፈው። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ላይ የሚከሰት ነገር ነው፣ የማንም ጥፋት አይደለም። ገና ከሆነ በአልትራሳውንድ እያየን በፊንጢጣው የጨው ውሃ በግፊት አስገብተን ወደ ቦታው እንመልሰዋለን፣ ቢላ አይነካውም። ከቆየ ግን ውስጥ የተቆለፈው አንጀት ደም አጥቶ ይሞታል፤ በውሃ ብንገፋው ይፈነዳል፤ ያኔ ልጁን ልናጣው እንችላለን። ሆዱ ከሁለቱ መሐል ነው፣ በመንካት ብቻ መወሰን አልቻልኩም። ስለዚህ ሰዓቱን በትክክል ልትነግሩኝ ያስፈልጋል አለች።

ሔዋን ሊነጋጋ ሲል ጮኾ እንደነበር ተናገረችና ወደ አማቷ አመለከተች፣ ቀን አብረውት የነበሩት እሳቸው ናቸው፣ ደሙን ግን አሁን ገና ነው ያየነው ብለውኛል አለች። ሐኪሟ ብዕሯን አዘጋጅታ ቀና አለች።

«ደሙን ያያችሁት ከሰዓት ነው አይደል እማማ?»

ወይዘሮ ተናኜ ዕድሜ ልካቸውን ሲጠይቁ የኖሩት ጥያቄ ዞሮ ራሳቸው ላይ መጣ። መልሱ ጥያቄው ውስጥ ተዘጋጅቶ ነበር፤ እሳቸው የሚጠበቅባቸው አንዲት ቃል ነበረች። የመጀመሪያው ዳይፐር ተጥሏል። ሙሉነሽ የተባለችውን ትላለች። ሔዋን መቼም አታውቅም። ደግሞ ውሃው ይሻላል፣ ቢላ የለውም፤ ልባቸውም የፈለገው ውሃውን ነበር። «አዎ» ምላሳቸው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር፣ እንዴት እንደምትጣፍጥም ያን ጊዜ ገባቸው። እነዚያ የቤት ሥራ ያልሠሩ ልጆች ሁሉ ፊታቸው ላይ መጡ፣ ባላቸው መጡ፣ ጠዋት ዳይፐሩ ላይ ያጎነበሰችው ሙሉነሽ መጣች።

«አይደለም» አሉ።

ድምፃቸው ስላልወጣ ደገሙት።

«አይደለም። ጠዋት ነው፣ እናቱ ከቤት ወጥታ ብዙም ሳትርቅ። ጩኸቱ ደግሞ ሊነጋጋ ሲል እንደጀመረ እሷ ነግራኝ ነበር። ቀይ ስር ነው ብዬ ዝም አልኩ። አሁን ነው ያልኳት ውሸቴን ነው።»

ሙሉነሽ ከኋላ፣ እትዬን ያሳሳትኩ እኔ ነኝ፣ ሰጥቼዋለሁ ብዬ ዋሽቻለሁ አለች። ወይዘሮ ተናኜ ዞረው ሳያዩአት፣ እሷ የዋሸችው እኔ እንድትዋሽ አድርጌ ስለጠየቅኋት ነው አሉ። ሐኪሟ ይህን ሁሉ አልሰማችም። ደሙ ከጠዋት መሆኑን ስትሰማ ብዕሯን አስቀምጣ፣ እጇን እንደገና ልጁ ሆድ ላይ አሳርፋ ጥቂት ቆየችና ለነርሷ፣ ቀዶ ጥገና ክፍሉን አዘጋጁ አለቻት። ሔዋን የፈቃዱን ወረቀት ፈረመች። አማቷን ቀና ብላ አላየቻቸውም።

ከዚያ በኋላ ያለው ጥበቃ ነው፤ የጠበቀ ያውቀዋል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። አብነት ከሳይቱ እየደወለ መንገድ ላይ ነኝ፣ መጣሁ ይላል። አብዱልሰላም ውሃና ብስኩት ገዝቶ አምጥቶ፣ ማንም እንዳልነካው አይቶ ጥግ ሄዶ ቆመ። ወይዘሮ ተናኜ ሲጸልዩ አፋቸው አልታዘዛቸው አለ፤ ለእግዚአብሔር እንኳ «ታድነዋለህ አይደል?» ብለው ጀመሩና ደንግጠው አቆሙት። ሔዋን ትይዩ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ የልጁን ካልሲ በጣቷ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች። በመጨረሻ ተናገረች፣ ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢሆን ይቀል ነበር።

«ረፋድ ላይ ስደውል ልጠይቅዎ የነበረውን ያውቃሉ እማዬ? ዳይፐሩ ላይ ደም አለው ወይ ልልዎ ነበር። እንዳይስቁብኝ ብዬ ተውኩት።»

ወይዘሮ ተናኜ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። ይቅር በይኝ ሊሉ ነበር፤ ግን ይህም ቢሆን እሺ የሚል መልስ ከሰው አፍ ማውጣት መሰላቸውና ተዉት።

ዶክተር ዮሃና በሩን ከፍታ ስትወጣ ሁሉም ተነሡ። በሕይወት አለ፣ አለች አስቀድማ። አንጀቱ ታጥፎ የቆየበት ቦታ ጠቁሮ ስላገኘነው ትንሽ ቆርጠን ቀጥለነዋል፤ ሁለት ሦስት ቀን እናየዋለን፣ ግን ይድናል ብዬ አስባለሁ። ውሃውን ሞክረነው ቢሆን ኖሮ ይፈነዳ ነበር አለች። ይህን ስትል ያየችው ወይዘሮ ተናኜን ነው፣ አመሰገነቻቸውም አልወቀሰቻቸውም።

ሔዋን ሁዳዴ ላይ በቀይ ስር ተደናግጣ መጥታ እንደነበር፣ ከዚያ ወዲህ መደንገጥ እንደፈራች ነገረቻት። ሐኪሟ ራሷን ነቀነቀች። የልጅ ሰገራ ላይ ደም ሲታይ አብዛኛውን ጊዜ ቀላል ነገር ነው አለች፤ ድርቀት ፊንጢጣውን ሰንጥቆት ይሆናል፣ ተቅማጥ ይሆናል፣ የላም ወተት አልስማማው ብሎም ይሆናል፤ ቀይ ስርም ይሆናል። ግን ቀላል ነው የሚለውን እኛ ካየነው በኋላ ነው የምንለው። እየጮኸ እየተወ እግሩን ካጠፈ፣ ካስታወከ፣ ከደከመ ደግሞ አንድ ሰዓትም አይጠበቅም።

«ያኔ የመጣሽው ልክ ነበርሽ» አለቻት። «ነገም ነይ። ስቀን ብንመልስሽ ይሻለናል።»

ጸጋአብ ከሳምንት በላይ ተኝቶ ወጣ። ሆዱ ላይ አንዲት አግዳሚ ጠባሳ ቀረችበት። እሱ አያውቃትም፣ ሲታጠብ በጣቱ ይነካትና ይስቃል። አያቱ ግን እሱን በሚያጥቡበት ጊዜ ሁሉ ያዩአታል። ሔዋን ከአማቷ ጋር ትናገራለች፣ ታከብራቸዋለች፣ ሌላው ገና ነው። ወይዘሮ ተናኜም አላስቸኮሏትም። አንድ እሁድ የአብነት አክስት ልጁን ልትጠይቅ መጥታ ሔዋንን እንደ ልማዷ «ቀይ ስር፣ እንዴት ነሽ?» ስትላት፣ ወይዘሮ ተናኜ ከመቀመጫቸው ሳይነሡ፣ ስሙ የእኔ ነው፣ እኔን ጥሪኝ አሏት። ከዚያም ምን እንደሆነ፣ አንዱንም ሳያስቀሩ፣ ማንንም ሳይሆኑ፣ ነገሯት። ያን ጊዜ የሳቀ የለም።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ልጁን ሙሉነሽ ጭን ላይ ተኝቶ አገኙት። ገንፎው ጠረጴዛው ላይ ነው። በልቷል አይደል ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ ዘጉት፤ ነጠላቸውን አጣጥፈው ወንበሩ ላይ አስቀመጡ።

«ሙሉነሽ፣ ልጁ ዛሬ እንዴት ዋለ?»

ሙሉነሽ እንደ ልማዷ መልሱን ፍለጋ ዓይኗን ወደ ፊታቸው አነሳች። ወይዘሮ ተናኜ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩባት፣ ጀርባቸውን ብቻ ሰጥተዋት ቆሙ። ከታች አብዱልሰላም ከደንበኛ ጋር ሲከራከር ይሰማል። ሙሉነሽ ጀርባቸውን አየች፣ ልጁን አየች።

«ደህና አልዋለም እትዬ» አለች። «ገንፎውንም አልበላም።»

ወይዘሮ ተናኜ ስልካቸውን አንስተው ለሔዋን ደወሉ።